የሰበካ ጉባኤያችን ዘመኑ አልፎበታል፤ ሕጉ የማን ነው?

የሰኞገበያው (ጥቅምት 8፣ ከምሽቱ 2፡40)

ሰላም ለዚህ ቤት። የምጽፈው ከደሴ ነው። የአጥቢያችንንም የአለቃውንም ስም አልጠራም፤ የምታውቁኝ ካላችሁ እናንተም አትጥሩብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰበካ ጉባኤያችን፣ አጥቢያውን የሚያስተዳድረው ተመራጭ ጉባኤ፣ የሥራ ዘመኑ ካለቀ ዓመት ከስምንት ወር ሆኖታል። ምርጫ የሚባል የለም። በዚህ መሀል በመንገዱ በኩል ያሉት ስድስት ሱቆች ኪራያቸው ታደሰ። በስንት? ለማን? ማን ፈረመ? መልሱ "ይታያል" ብቻ ነው። ባለፈው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ቢጠይቁ "ይሄ የቤተ ክህነት ጉዳይ ነው፤ እናንተ ጸልዩ" ተባሉ። ሽማግሌው መቋሚያቸውን ከግድግዳው አንሥተው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ ወጡ። እስካሁን ዓይኔ ላይ አሉ።

እኔ የተማርኩት የመኪና ጥገና ነው፤ ስለ ቀኖና አላውቅም። የቤተ ክርስቲያናችንን ሕግ የሚያወጣው ማነው? ምእመኑ ከዚህ ሁሉ የቱ ጋ ነው ያለው? ጥቅምት 12 ሲኖዶስ ይገባል፤ በቀጥታ ለእነሱ ደብዳቤ ብንጽፍስ?

ራያ ቆቦ (ጥቅምት 8፣ ከምሽቱ 3፡05)

ወንድሜ ደብዳቤህን ጻፍና ፍሬም አስገባው። ከላይ ተሹሞ የመጣ ሰው ከላይ ካልተነሣ አይነሣም። አንተ ሻማህን ግዛ፣ ስለትህን አግባ፣ ከገቢው ወደ ላይ የሚላከው ፐርሰንት ይሄዳል፣ አለቀ።

መሪጌታ ዘሐይቅ (ጥቅምት 8፣ ከምሽቱ 4፡20)

ልጄ የሰኞገበያው፣ ሲኖዶስ ለስድስት ሱቅ አይሰበሰብም። ጥያቄህ ግን ትልቅ ነው፤ ሻይ አስቀርቤ ነው የምመልስልህ።

በመጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ። አንዱ ቀኖና ነው። ሰማንያ አሐዱ መጽሐፍ ቅዱስ ስንል ከሐዲስ ኪዳኑ ወገን የምንቈጥራቸው የሥርዓት መጻሕፍት አሉ፤ ሥርዓተ ጽዮን፣ ትእዛዝ፣ ግጽው፣ አብጥሊስ፣ ዲድስቅልያ። ከእነዚህ በኋላ ፍትሐ ነገሥት መጣ። እርሱን በ13ኛው መቶ ዘመን አንድ የግብፅ ሊቅ በዐረብኛ አሰባሰበው፤ ኋላ ወደ ግእዝ ተመለሰ። አንቀጹ 51 ነው፤ 22ቱ የቤተ ክርስቲያን፣ 29ኙ የዓለም ፍርድ። እኔ ፍትሐ ነገሥት የተማርኩት በየኔታ እግር ሥር፣ ንባቡን ከነአንድምታው ነው። ስለ ዕቃ ኪራይ ሳይቀር ይናገራል። "እናንተ ጸልዩ" ያሉህ ሰው የዓለሙን ክፍል ዘለውት ይሆናል።

ሁለተኛው ደንብ ነው፤ ሲኖዶሱ የሚያወጣው፣ የሚያሻሽለው። ሲኖዶስ ማለት ጳጳሳቱ በሙሉ ናቸው፤ ሰብሳቢው ፓትርያርኩ። በዓመት ሁለት ጊዜ ይሰበሰባሉ፤ ጥቅምት 12 እና ከትንሣኤ በ25ኛው ቀን፣ ርክበ ካህናት በምንለው። ቀኑን የመረጠው ቢሮ አይምሰልህ። "ኤጲስ ቆጶሳት በዓመት ሁለት ጊዜ ይሰብሰቡ፤ አንዱ በበዓለ ኀምሳ አራተኛው ሱባዔ፣ አንዱ በመከር ወር በ12ኛው ቀን" የሚለው የሐዋርያት ቀኖና ነው። እንግዲህ አዲስ አበባ ላይ አጀንዳ የሚይዙት በአንድ ጥንታዊ ቀጠሮ ነው። በሁለቱ መሀል ቋሚ ሲኖዶስ አለ።

የአንተን ጉዳይ የሚመለከተው ግን ቃለ ዓዋዲ ነው፤ የሰበካ ጉባኤው መተዳደሪያ ደንብ።

ከባሕር ማዶ (ጥቅምት 8፣ ከምሽቱ 5፡02)

መሪጌታ ዕድሜ ይስጥልን። አንድ ነገር ልጠይቅ። ይሄን ያህል የራሳችን ሕግ ካለን ለምን 1600 ዓመት ጳጳስ ከግብፅ አስመጣን?

መሪጌታ ዘሐይቅ (ጥቅምት 9፣ ከጠዋቱ 1፡15)

ኪዳን አድርሼ መጣሁ።

እሱ በወረቀት የታሰርንበት ታሪክ ነው። "ኢትዮጵያውያን ከሊቃውንቶቻቸው ጳጳስ አይሹሙ" የሚል ቃል በኒቅያ ጉባኤ ስም ተጻፈ። ኒቅያ 318ቱ ሊቃውንት የተሰበሰቡበት ነውና ማን ይነካዋል? እውነተኛው የኒቅያ ቀኖና ግን 20 ብቻ ነው። ይሄኛው ኋላ በዐረብኛው ስብስብ የተጨመረ ነው፤ ያ ስብስብ 84 ይደርሳል። ፍትሐ ነገሥትም በ4ኛው አንቀጽ ተቀበለው። እኛም በሰው እጅ የገባውን ዐረፍተ ነገር እንደ ሃይማኖት ጠበቅነው።

የተፈታው በደረጃ ነው። በ1921 ኢትዮጵያውያን ኤጲስ ቆጶሳት ተሾሙ፤ ከእነርሱ አንዱ ፋሺስት በ1928 የረሸናቸው አቡነ ጴጥሮስ ናቸው። በ1943 አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ፤ በ1951 ፓትርያርክ። ስለዚህ ራሱን ችሎ ሕግ የሚያወጣ ሲኖዶስ በዕድሜው ከእኔ ያንሳል። እኔ 70 አልፌያለሁ።

የወልድያው ጠበቃ (ጥቅምት 9፣ ከጠዋቱ 3፡30)

መሪጌታ ባሉት ላይ ከመንግሥት ወገን ያለውን ልጨምር፤ ያለሱ ሙሉ አይሆንም።

ቤተ ክርስቲያን ራሷን ቻለች ስንል ከእስክንድርያ፣ ከግብፁ መንበር፣ ነው እንጂ ከቤተ መንግሥት አይደለም። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 ኦርቶዶክስን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጓታል፤ የጳጳሳት ምርጫ የንጉሡን ይሁንታ ይፈልግ ነበር፤ ከገዳማዊና ከመንፈሳዊ አስተዳደር በቀር ስለ ቤተ ክርስቲያን ደንብ የማወጅ ሥልጣን የንጉሡ ነበር። ዛሬ በ1987ቱ አንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጣልቃ አይገባም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 398 ቤተ ክርስቲያኒቱ የሕግ ሰውነት አላት፤ ትከራያለች፣ ታከራያለች፣ ትከሳለች፣ ትከሰሳለች።

ወንድም የሰኞገበያው፣ ሱቆቹ የተከራዩት በአለቃው ስም ሳይሆን በእሷ ስም ነው። ስለዚህ "ማን ፈረመ" ብለህ መጠየቅህ ድፍረት አይደለም። ፍርድ ቤት ግን የመጨረሻ ደጅህ ይሁን። ዳኛው "ይሄ የውስጥ ጉዳያችሁ ነው" ብሎ ሊመልስህ ይችላል፤ ሦስት ዓመት ተመላልሰህ።

ራያ ቆቦ (ጥቅምት 9፣ ከጠዋቱ 3፡48)

አንቀጽ አንቀጽ አትበሉኝ። በ2015 ጥር አንቀጽ ምን አደረገ? ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ተነሥተው 26 ኤጲስ ቆጶሳት ሾሙ አይደል?

አወያይ (ጥቅምት 9፣ ከጠዋቱ 4፡00)

በዚያ ጉዳይ ይሄ ክር አይከፈትም። ሲኖዶሱ ሹመቱን ሻረ፣ በየካቲት ዕርቅ ወረደ፤ ከዚህ በላይ የሚለው ያለው ለብቻው ክር ይክፈት። እዚህ የተጠየቀው ስለ ሰበካ ጉባኤ ነው። አያ ራያ፣ ሰብሰብ በል።

የኮምቦልቻው ጎረቤት (ጥቅምት 9፣ ከቀኑ 7፡20)

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለናንተ። ጁምዓ ሰግጄ ስመለስ ነው ያነበብኩት። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ግን ይሄ ክር የኔም ሰፈር ጉዳይ ነው። ሰፈራችን ያለችው ቤተ ክርስቲያን አጥሯ ሲሠራ ድንጋይ የተጫነው በአባቴ መኪና ነው።

አንድ ነገር ልበል፣ አትቀየሙኝ። የኛ ቅሬ፣ እድራችን ማለት ነው፣ 140 አባወራ አለው፤ እስላምም ክርስቲያንም። መተዳደሪያው አሥራ ሁለት ገጽ ደብተር ነው። ዳኛው ከዘመኑ አንድ ወር ቢያሳልፍ ሴቶቹ ድስቱን አይሰጡትም። ሥራ ቆመ ማለት ነው! በዚያው ሳምንት ምርጫ ይሆናል። እናንተ በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብና የሁለት ሺህ ዓመት ቀኖና ይዛችሁ ዓመት ከስምንት ወር ዝም ማለታችሁ ገረመኝ።

ደግሞ ጉባኤ ስትሉ እኛ ወሎዎች ቦሩ ሜዳን ነው የምናስበው። ለናንተ ሌላ ትዝታ፣ ለኛ ሌላ።

መሪጌታ ዘሐይቅ (ጥቅምት 9፣ ከቀኑ 10፡05)

ወንድሜ፣ የድስቱን ነገር ወደድኩት።

ቦሩ ሜዳን ካነሣህ ዝም አልልም። በ1870 ዓፄ ዮሐንስ እዚያ ሜዳ ላይ ሊቃውንቱን አከራከሩ፤ ምኒልክም ነበሩ። ክርክሩ ስለ ክርስቶስ ልደት ነው። ሦስት ልደት አለው የሚለው ወገን ተረታ፣ ተዋሕዶ ጸና። ቃሉ ትክክል ነበር እላለሁ፤ ሃይማኖቴ ነው። ግን ጉባኤውን የጠራው ንጉሥ፣ ፍርዱን ያስፈጸመው ንጉሥ። የወሎ ሙስሊምም በዚያው ሰሞን "ተጠመቅ" ተባለ፤ ኢማም መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ሆኑ፣ ሼህ ጠልሃ እምቢ ብለው ወጡ። ከደሴ ወደ ሐይቅ ስሄድ ሜዳውን ባየሁ ቍጥር ሁለቱም ይታየኛል። ሕግ በሰይፍ ሲጸና እንዲህ ነው፤ ግማሹ ጎረቤትህ ላይ ቍስል ሆኖ ይቀራል።

የሌላ ጉባኤ ልንገራችሁ። በመነኰሱ በአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርትና በእስክንድርያው ወገን መካከል ስለ ቀዳሚት ሰንበት ጸብ ነበር። ጳጳሱ ከግብፅ ነው፤ "ቅዳሜ አይከበርም" ይላል። የኛ የሐይቁ ዓቃቤ ሰዓት፣ የገዳሙ አለቃ፣ ሳይቀር ከጳጳሱ ጋር ነበር፤ በገዳሜ ተወቅሼ አላውቅም፣ እውነቱን ነው የምናገረው። መነኮሳቱ ተገዘቱ፣ ተሰደዱ፤ ቅዳሜን ግን አልተዉም። ኤዎስጣቴዎስ ካረፈ መቶ ዓመት ሊሞላ ሲል፣ በ1442፣ ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ደብረ ምጥማቅ ላይ ጉባኤ አደረገ። ሁለቱ ግብፃውያን ጳጳሳት፣ አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል፣ ተቀበሉ። ዛሬ ቅዳሜን የማያከብር ኦርቶዶክስ አለ? ይሄ ሕግ ከእስክንድርያም ከቤተ መንግሥትም አልተነሣም፤ ከበረሃ ነው የተነሣው።

አያ ራያ ቆቦ፣ "ሁሉም ከላይ ነው" ያልከው ላይ ይሄን ጨምርበት።

የድሮ ሒሳብ ሹም (ጥቅምት 9፣ ከምሽቱ 1፡30)

የታሪኩን ለመሪጌታ ትቼ ስለ ብሩ ልናገር። ሃያ ሁለት ዓመት የአጥቢያ ሒሳብ ሠርቻለሁ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ።

ልጆች፣ ቃለ ዓዋዲ ለምን እንደመጣ ታውቃላችሁ? በአቡነ ቴዎፍሎስ ጊዜ በ1965 ወጣ። ያኔ ቤተ ክርስቲያን የምትኖረው በመሬት ነበር፤ ካህኑ ሰሞነኛ ሆኖ የሚቀድሰው የሰሞን መሬት ስላለው ነው። ምእመኑን "ና ብር አዋጣ፣ ና ተመረጥ" የሚለው ማንም አልነበረም። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት ሲወረስ ያ ሁሉ በአንድ ቀን ሄደ። ቃለ ዓዋዲ ሁለት ዓመት ባይቀድም ኖሮ እንጃ። ሰበካ ጉባኤ ባይኖር ለዲያቆኑ መቶ ብር ከየት ይመጣ ነበር? አቡነ ቴዎፍሎስን ደርግ በ1968 አወረዳቸው፣ በ1971 ገደላቸው። የተከሉት ግን እስከ ዛሬ ያበላናል።

እንግዲህ የሰበካ ጉባኤው ካህናት፣ ምእመናንና ሰንበት ተማሪ አንድ ላይ ነው። ሰብሳቢው አለቃው ነው፣ ምክትሉ ከምእመናን። ዘመኑ ሦስት ዓመት። ከዚያ ወረዳ ቤተ ክህነት፣ ሀገረ ስብከት፣ ጠቅላይ ቤተ ክህነት። አንተ ያለኸው መሠረቱ ላይ ነው ልጄ፤ "የቱ ጋ ነኝ" አትበል።

ሙዳዩ፣ የምጽዋት ሣጥኑ፣ ሲከፈት ምን እንደሚመስል ያላያችሁ ካላችሁ ልንገር። በኛ ደብር ቁልፉ ሦስት ነበር፤ አንዱ አለቃው ጋ፣ አንዱ ገበዙ ጋ፣ አንዱ ከምእመናን የተመረጠው ገንዘብ ያዥ ጋ። ሦስቱ ካልተገናኙ አይከፈትም። ሰሌን ይነጠፋል፣ ሣጥኑ ይገለበጣል። የጧፍ ሰም ያጣበቀው አሥር ብር፣ አራት የታጠፈ አምስት ብር፣ ሳንቲም፣ የተሰበረ የጆሮ ጌጥ። አንድ ጊዜ በደብተር ወረቀት የተጠቀለለ ሃምሳ ብር አገኘን፤ ወረቀቱ ላይ "ልጄ ከዐረብ ሀገር በሰላም ትግባ" ይላል። ገበዙ ብሩን ቈጥረው ወረቀቱን ኪሳቸው ከተቱ። ምን ሊያደርጉት እንደሆነ ብጠይቃቸው "ነገ ቅዳሴ ላይ አስባታለሁ" አሉኝ። ይሄን ብር ነው ዘመኑ ያለፈበት ጉባኤ የሚያንቀሳቅሰው። ለዚህ ነው የምቈጣው።

ወልድያ ሰንበት ተማሪ (ጥቅምት 9፣ ከምሽቱ 2፡15)

እትዬ ልክ ነሽ። ግን አንድ ሐቅ አለ። እኔ የሰንበት ተማሪ ተወካይ ሆኜ ሦስት ዓመት ተቀምጬ ነበር። ሦስት ዓመት ወንበር ነው ያመላለስኩት። ቃለ ጉባኤ ፈርም ይሉኛል፣ ሳነብ "ቸኮልክ" ይሉኛል። ምእመናኑስ? ምርጫ ሲጠራ አይመጡም። የአባልነት ካርዳቸው ላይ ክፍያው የተመዘገበው የልጃቸው ክርስትና ሰሞን ብቻ ነው። ከዚያ ፌስቡክ ላይ "ቤተ ክህነት ሌባ"። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል።

ከባሕር ማዶ (ጥቅምት 9፣ ከምሽቱ 4፡40)

እኛ ጋ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ራሳችን ገዛን፣ ቦርድ አቋቋምን፣ ካህኑን እኛው ቀጠርን። ቦርዱ ካህኑን እንደ ተቀጣሪ ሲያዘው፣ ሲያባርረው አይቻለሁ። ለሁለት ተከፈልን። አሁን ሁለት ቤተ ክርስቲያን አለን፣ ሁለቱም የባንክ ዕዳ ያለባቸው። ስለዚህ "ሁሉም በምእመኑ እጅ ይሁን" የምትሉ ካላችሁ ቀስ በሉ።

የሰኞገበያው (ጥቅምት 10፣ ከጠዋቱ 2፡00)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሌሊቱን ቃለ ዓዋዲውን ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ተውሼ አነበብኩት፤ በ1991 የተሻሻለውን። ሽፋኑ የለም፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ቡና ፈስሶበታል። እኔ እዚህ ስኖር 34 ዓመቴ ነው፤ መጽሐፉን ያየሁት ትናንት ነው። መሪጌታ፣ እርስዎ ቢሆኑ አሁን ምን ያደርጉ ነበር?

መሪጌታ ዘሐይቅ (ጥቅምት 10፣ ከጠዋቱ 3፡10)

ሱቁን ተወው። አዎ፣ ተወው። "ሰረቁ" ብለህ ከጀመርክ ነገሩ በአንተና በአለቃው መካከል ይሆናል፤ እርሳቸውም ይምላሉ፣ አንተም ትገዘታለህ። የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ይሁን፤ ምርጫ። ጽፋችሁ መጀመሪያ ለራሳቸው ስጡ፤ አባት ናቸው፣ መስቀል ተሳልማችሁ ስጡ። ዝም ካሉ ለወረዳው፣ ግልባጭ ለሀገረ ስብከቱ። ያን የወጡትን ሽማግሌ ከፊት አስቀምጧቸው። አዲስ ጉባኤ ሲመረጥ የሱቁን ውል መጠየቅ የእርሱ ሥራ ነው፤ ያኔ "ይታያል" አይባልም።

የወልድያው ጠበቃ (ጥቅምት 10፣ ከጠዋቱ 3፡25)

ስትሰጡ ደግሞ በመዝገብ ቍጥር አስመዝግቡ። "በቃል ነግረን ነበር" የሚባል ነገር የለም።

የሰኞገበያው (ጥቅምት 27፣ ከምሽቱ 1፡50)

ወሬ ለማድረስ ነው። ማመልከቻውን ጻፍን፤ 63 ሰው ፈረመ። አለቃው ተቀበሉን፣ አነበቡት፣ "ማን አስተማራችሁ?" አሉ። ሽማግሌው "ቃለ ዓዋዲው" አሏቸው። ሳቁ፤ እኛም ሳቅን። ግን ለአንድ ሳምንት ምንም የለም። ወደ ወረዳው ወሰድነው፣ መዝገብ ቍጥር ተቀበልን። በአምስተኛው ቀን ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራ የሚል ደብዳቤ ወጣ።

ዛሬ ተጠራ። የመጣው 38 ሰው። ከፈረሙት እንኳ ግማሹ የለም፤ አጨዳ ነው፣ ሠርግ ነው፣ ገበያ ነው። ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም ተብሎ ለሚመጣው ሰንበት ተቀጠረ።

ራያ ቆቦ (ጥቅምት 27፣ ከምሽቱ 2፡05)

ብዬህ ነበር።

የኮምቦልቻው ጎረቤት (ጥቅምት 27፣ ከምሽቱ 2፡11)

አብሽር ወንድሜ። ለሰንበት ሴቶቹን ጥራ። ድስቱ እነሱ ጋ ነው።

የድሮ ሒሳብ ሹም (ጥቅምት 27፣ ከምሽቱ 2፡30)

38 ጥሩ ነው። በ1980ዎቹ እኛ በ19 ነበር የጀመርነው። አንድ ነገር ንገረኝ፤ የሙዳዩ ቁልፍ አሁን ማን ጋ ነው?

የሰኞገበያው (ጥቅምት 27፣ ከምሽቱ 2፡52)

እትዬ፣ ጠይቄ መጣሁ። ሁለቱ አለቃው ጋ ናቸው። ሦስተኛው አምና ያረፉት ገንዘብ ያዥ ቤት ነው። ልጃቸው መሳቢያ ውስጥ ከመቍጠሪያቸው ጋር ታስሮ አገኘሁት አለችኝ። ለማን ልስጠው እያለች ነው።

የድሮ ሒሳብ ሹም (ጥቅምት 27፣ ከምሽቱ 2፡54)

ለማንም። ሰንበት ይዛው ትምጣ።